ለቅሶ ያልተደረሰላቸው

ከቀበና ወንዝ ማዶ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ቀጭን መንገድ ዳር፣ ወርቅአየሁ የምትባል ሹሩባ ሠሪ ትኖር ነበር። ጠላት ከአገር ከወጣ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ክረምት ጭቃዋን ያረግፈዋል፣ ጥቅምት ሲገባ እሷ መልሳ ትመርገዋለች። ሥራዋ ደጃፏ ላይ ነው። እሷ በርጩማ ላይ፣ ተሠሪዋ ከፊቷ መሬት ላይ በተነጠፈ አጎዛ ላይ ይቀመጣሉ።

ሥራዋን የሚያውቁ ሁሉ እጇ አያምም ይላሉ። የሴትዮዋን ራስ ጉልበቷ ላይ ታስደግፍና ጸጉሩን በወስፌ እየከፈለች፣ ቅቤ እያስነካች ትጎነጉናለች። ተሠሪዋ ጀርባዋን ለወርቅአየሁ ሰጥታ ወደ ወንዙ ታያለች። እንዲህ ሲቀመጡ ሰው የማይናገረው የለም። ፊት ለፊት ቢሆኑ ለንስሐ አባታቸው እንኳ ለመናገር የሚያፍሩትን፣ ራሳቸው በሰው እጅ ላይ ሲሆን ቀስ እያሉ ያወጡታል። ወርቅአየሁ አትጠይቅም። «እህ» ትላለች፣ ትጎነጉናለች። የሰማችውንም ሌላ ቦታ ወስዳ አትዘራውም፤ ስለዚህ ከጉርድ ሾላ ድረስ እየመጡ ይሠሩባት ነበር።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሄዱ ግን ቤቱ ጭር ይላል። እናትና አባቷ በየካቲቱ እልቂት ጊዜ በአንድ ቀን ነው ያለቁት። ልጅ ነበረች። እንጦጦ ላይ ያለች አክስቷ ወስዳ አሳደገቻት። አክስቲቱ ደግ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ልጅቷ እንዳይብስባት ብላ የሟቾቹን ስም ከቤቷ አወጣችው። ወርቅአየሁ ስለ እናቷ አንድም ቀን ሳትጠየቅ አድጋ ተዳረች። ያገባችው ዘበኛም፣ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ አልተጣላትም፤ ዝም ብሎ ወደ ሐረር ተዛወረና እዚያው ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ ራቷን ቆማ ትበላለች። ለአንድ ሰው ገበታ መዘርጋት ያስቃታል።

ከእሷ ቤት በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጥግ ላይ፣ ጉተማና ዲንቄ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ጉተማ ድሮ ከአባቱ ጋር በየካ በኩል ያርስ ነበር። መሬቱ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር እርፉን ጥሎ መጥረቢያ ያዘ፤ አጣና እየቆረጠ፣ በአህያ እያወረደ ይሸጣል። ዲንቄ ወጣት ናት። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም ለክርስትና ሳይደርሱ ሞተውባታል። አራተኛው በሕይወት አለ፤ ክርስትናም ተነሥቷል፣ አባቱም በዳዳ ብሎታል፣ ስምንት ወር ገደማ ሆኖታል። እናቱ ግን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ይኼ» ነው የምትለው። ይኼ አለቀሰ፣ ይኼ ተኛ።

ሰፈሩ ስለ ዲንቄ ብዙ ይል ነበር። ልጁ ሳይታጠብ ይውላል፣ ጡት የሚያገኘው አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ሲዘጋ ነው፣ እሷ እንጨት ልትለቅም ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች ይባላል። ሁሉም እውነት ነበር። የሴቶቹን እድር የሚመሩት ወይዘሮ የሺመቤት ምላሳቸው ስለት ነው። ድመት እንኳ የወለደችውን ትልሳለች፣ ይቺን ሴት ከድመት ያሳነሳት ምን ይሆን ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ ሴቶቹም ሳቁ። ያን ቀን ወርቅአየሁም አብራ ስቃ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ማገዶ ልትገዛ ወደ ላይ ወጣች። የሕፃን ልቅሶ ሰማች፤ ልቅሶ ከማለት የጫጩት ጭርጭርታ ማለት ይሻላል። ሕፃኑ በረጠበ አጎዛ ላይ ተጋድሟል፤ ዝንብ ዓይኑን ወሮታል፣ ክንዱ ቀጥኖ የጣት ያህል ሆኗል። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም ብላ ልታነሣው ጎንበስ ስትል ዲንቄን አየቻት። ከጨለማው ጥግ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ለልጁ ሰጥታለች።

«ዲንቄ፣ ልጁ እያለቀሰ ነው።»

«እሰማለሁ» አለች ዲንቄ። ዞር አላለችም።

ወርቅአየሁ ተናደደች፤ ግን ንዴቷን ዋጥ አድርጋ፣ ለጥቂት ቀን ልያዝልሽ አለቻት። ዲንቄ ይህን ስትጠብቅ እንደኖረች ሁሉ፣ ይውሰዱት አለች። ወርቅአየሁ ያን ቃል እንደ ጭካኔ ቆጠረችው። ልጁን በነጠላዋ ጠቅልላ ወረደች።

አጠበችው፣ ቅባት ቀባችው፣ ከሀሚድ ሱቅ ጀርባ ከምትታለበው ላም ወተት እየገዛች አጠጣችው። ልጁ ነፍስ ዘራ። ጉንጩ ሞላ፣ መቀመጥ ጀመረ፣ ወስፌዋን ሊነጥቃት ይታገል ጀመር። ሹሩባ የሚሠሩት ሴቶች፣ ባል የሌላት ወለደች እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም ትስቃለች። ማታ ማታ መሬት ላይ ገበታ ትዘረጋለች። እሹሩሩ ስትለው ዓይኑን አፏ ላይ ተክሎ ያደምጣታል። በዚያች ክፍል ውስጥ የሚያያት ሰው ሲኖር የመጀመሪያው ነበር።

ዲንቄ ግን ባሰባት። ምግብ ቀነሰች። ወንዝ ስትወርድ በወርቅአየሁ ደጅ ላለማለፍ በጓሮው በኩል፣ በእሾሁ መሐል ትዞራለች። አንድ ቀን ጉተማ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። እህቱ ጉርድ ሾላ ላሞች አሏት፤ ልጁን ጉዲፈቻ አድርጋ ልትወስደው ጠይቃለች፤ የፊታችን እሑድ ትመጣለች። ነውር የለውም፣ በእኛ ዘንድ የክብር ነው አለ። ከዚያ ወደ ልጁ እያየ፣ እትዬ እርስዎ ላስቀረው ቢሉ ግን እህቴንም አላስበልጥብዎትም፣ ዲንቄ ከፈቀደች አለ። ሊሄድ ሲል ደግሞ ዞር ብሎ፣ ዲንቄ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው አለ፤ «ከእኔ ሲርቅ ወፈረ አይደል?» ትለኛለች።

ወርቅአየሁ ያን ዕለት ሥራ መሥራት አልቻለችም። ልጁ የእሷ ሊሆን ነው። ወይዘሮ የሺመቤትም መንገድ ላይ አግኝተዋት፣ ያዢው፣ ምን ታመነቺያለሽ፣ ለእናቱ እንደሆነ ጉዳይዋም አይደል አሏት። የቀረው የእናቲቱ ፈቃድ ነበር። እሱንም እንዴት እንደምታገኘው ወርቅአየሁ ታውቃለች። በማግስቱ ልጁን ለሀሚድ ሚስት ለሰዓዲያ አደራ ሰጥታ፣ ሚዶዋንና ወስፌዋን፣ ከቅቤዋም ጥሩውን ይዛ ወጣች። ዲንቄን በነጻ ልትሠራት፣ ልቧን ልታለሰልስ፣ ከዚያ ልትጠይቃት ነው።

የዲንቄ ጸጉር ሚዶ ከነካው ዓመት አልፎታል። ተጣጥፎ ተያይዟል። ወርቅአየሁ ከጫፉ ጀምራ በጣቷ ትፈታው ጀመር። ዲንቄ መጀመሪያ አንገቷን አደንድና ነበር። ጠዋቱ ረፈደ። ከጫካው የጉተማ መጥረቢያ ይሰማል፤ ይመታል፣ ያቆማል፣ ይመታል። አንድ ጊዜ የዲንቄ ራስ ከበደ፤ ወርቅአየሁ ጉልበት ላይ ጣለችው።

«እትዬ ወርቅአየሁ፣ በደንብ ይተኛል?»

«ይተኛል።»

«እርስዎ ያዩታል? ሲጠጣ፣ ሲተኛ… ፊቱን ያዩታል?»

ወርቅአየሁ የተለመደውን «እህ» አለች።

ዲንቄ ወደ ጋራው እያየች ተናገረች። የመጀመሪያው ልጅ የሞተው ጭኗ ላይ ሆኖ፣ እያየችው ነው። ገና አልጠገበችውምና ዓይኗን ከፊቱ ነቅላ አታውቅም ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ሴት ነበረች፤ እሷን ላለማየት ሞክራ ነበር፣ አልቻለችም፤ አንድ ሌሊት ገልጣ አየቻት፣ ሲነጋ ሞተች። ለቅሶ አልተቀመጡላቸውም። ለሕፃን አይለቀስም፣ እግዜር ይቆጣል፣ ሌላ ትወልጃለሽ አሏት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ተቀመጠች፤ ወንዶቹ ወሰዷቸው። የት እንደተቀበሩ አታውቅም። ያልተጠመቁ ስለነበሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልገቡም፤ ይህን ብቻ ታውቃለች።

«ዓይኔ ነው የሚበላቸው» አለች። «ይኼኛውን አላየሁትም። አላየሁትማ፣ ለዚህ ነው ያለው። እርስዎ ይያዙት። ወይም ጉርድ ሾላ ይሂድ፤ ሩቅ ይሁን ብቻ።»

ወርቅአየሁ የመጣችበትን ነገር ሳትጠይቅ በእጇ ውስጥ አገኘችው። ጎንጉና ጨረሰች። ቅቤውን አናቷ ላይ አደረገችላት፤ ሚዶዋን ይዛ ወረደች።

ከሰዓዲያ ቤት ልጁን ስትቀበል እጁን ዘረጋላት። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች። ዝም ብትል ልጁ የእሷ ነው። ማንም አይወቅሳትም፤ እናቲቱ ራሷ ሰጥታለች። ነገር ግን ዲንቄ ያለችውን መልሳ መላልሳ ስታስበው አንድ ነገር ታያት። ከእናቱ እጅ በወሰደችው ቀን፣ ሰፈሩም እሷም ለዲንቄ አንድ ማስረጃ ሰጥተዋታል። ልጁ በወፈረ ቁጥር ዲንቄ የምታነበው፣ ገዳይዋ አንቺ ነሽ የሚል ነው። ደግ የሠራች መስሏት ነበር። ሴትዮዋ የጠላችው ልጁን አልነበረም። ከሰው ሁሉ አስበልጣ ፈርታለታለች፤ የፈራችለትም ብቻዋን ነው፤ ማንም ስለሦስቱ ጠይቋት አያውቅማ። ወርቅአየሁ እንዲህ ያለ ቤት ታውቃለች፤ አድጋበታለች።

ልጁ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ፊቱን ብዙ ጊዜ አየችው።

በማግስቱ ከንስሐ አባቷ ዘንድ ደርሳ፣ ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ሄደች። ዲንቄ ቤት ለቅሶ እንዲቀመጡ ጠየቀቻቸው።

«ማን ሞተና?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

«ሦስቱ ልጆቿ።»

«እነሱማ ድሮ ነው የሞቱት። ደግሞስ ያልተጠመቁ አይደሉም? እድሩ ለእንዲህ ያለ ድንኳን ተክሎ አያውቅም። አሁን እኔ ሄጄ ለወንዶቹ ምን ልበል? በቅቤ ብዛት ዞረብሽ እንዴ?»

ወርቅአየሁ ድንኳን አልጠየቅሁም አለች። ንስሐ አባቷን ጠይቃ ነበር፤ እሳቸውም ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፣ ዕንባን ግን የከለከለ የለም ብለዋታል። የምፈልገው ሰው መጥቶ መሬት ላይ እንዲቀመጥ ነው አለች። ወይዘሮ የሺመቤት ተቆጡ፤ ይሄ ነገር ነገ ሁሉም እየተነሣ የአምና የካቻምናውን እንዲቆፍር ነው አሉ። ወርቅአየሁ ይሁን ብላ ወጣች። ሌሎቹንም ቤት ለቤት ዞረች። ግማሾቹ አፈሩ፣ ግማሾቹ እንመጣለን ብለው እንደማይመጡ ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

ለዲንቄም፣ ቅዳሜ ለልጆችሽ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይመጣል ብላ ነገረቻት። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጀመሪያ የመጣችው ሰዓዲያ ናት። ሥርዓቱን አታውቀውም፤ ምን እንደሚባልም ጠይቃ አልመጣችም። ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባችና ከዲንቄ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌሎች ሁለት ሦስት ሴቶች መጡ፤ ከግድግዳው ተጠግተው ነጠላቸውን ይነካካሉ። አንዷ ሳል አስመስላ ሳቋን ዋጠች። ዲንቄ ወለሉን እያየች ነው። ወርቅአየሁ ልጁን አቅፋ በሩ ጋ ቆማ፣ ምነው ባልጀመርኩት ትል ጀመር።

«አላህ ያጽናሽ፣ ዲንቄ» አለች ሰዓዲያ። «ስማቸው ማን ነበር?»

ዲንቄ ቀና አለች። ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከንፈሯ ጥቂት ተንቀሳቀሰ።

«ስም አልወጣላቸውም» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ግን አውጥቼላቸው ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ትልቁ ቱሉ። ሁለተኛው ጎበና። ሴቷ አያንቱ።»

ደጅ አጣናውን ሊያራግፍ የነበረው ጉተማ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። በሩ ላይ መጥቶ፣ በሴቶቹ መሐል ሚስቱን አያት።

«ቱሉ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«የአባቴን ስም?» አለ፤ ክንዱን ዓይኑ ላይ አደረገ። ዲንቄ ያን ጊዜ ጮኸች። ሴቶቹም ልማዱ ያስተማራቸውን ሳያስቡት አደረጉ፤ ደረታቸውን ይዘው አብረዋት አነቡ። መሐል ላይ ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ድስት ንፍሮ አስይዘው ደረሱ። ወለሉ እንደሚቀዘቅዝ፣ ባዶ ቤት ሰው መጥራት ነውር እንደሆነ እያጉረመረሙ ተቀመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ቆዩ። ለማን እንደሚያለቅሱ የጠየቃቸው የለም።

ሰው ሲወጣ ጉተማ ወደ ወርቅአየሁ ጠጋ አለ። ነገ ጠዋት፣ እህቴ ሳትመጣ፣ የት እንዳሉ አሳያታለሁ አለ። በየቀኑ በዚያ እንደሚያልፍ፣ ለእሷ መንገር ግን ቁስሏን መቀስቀስ እንደመሰለው ተናገረ። እርስዎም ይምጡ አለ።

በማግስቱ ወጡ። ጉተማ ከፊት፣ ዲንቄ ከኋላው፣ ወርቅአየሁ ልጁን በአንቀልባ አዝላ ከሁሉም በኋላ። ዳገቱ ከባድ ነው፤ የደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል እግር ያንሸራትታል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከጀርባ በኩል፣ ዛፉ ሁሉ ተቆርጦ ጉቶ ብቻ የቀረበት መደብ አለ። በመሐሉ ሦስት ባሕር ዛፎች ቆመዋል፤ ቀጥ ያሉ፣ ለቋሚ የሚሆኑ። አጣና ቆራጮቹ ጉተማን፣ እነዚህን ለሠርግህ ነው ያስቀመጥካቸው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር፤ መጥረቢያ ግን አላስነካቸውም።

«ይኼ ቱሉ ነው» አለ። ስሙን ሲጠራው እንግዳ ሆነበት። «ይኼ ጎበና። ያቺ ቀጭኗ የሴቷ ናት።»

ዲንቄ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች። እጇን ልጡ ላይ አድርጋ ስማቸውን ጠራች፤ በኦሮምኛ ረጅም ነገር ነገረቻቸው። ጉተማ ጉቶ ላይ ተቀምጦ አቀረቀረ። ልጁ በእናቱ ልቅሶ ደንግጦ ወርቅአየሁ ጀርባ ላይ ማልቀስ ጀመረ። ዲንቄ ድምፁን ስትሰማ እንደ ልማዷ ፊቷን አዞረች።

ወርቅአየሁ አንቀልባውን ፈታች።

«ተቀበይኝ።»

«አይሆንም። ባየው ይሞትብኛል።»

«እኔስ? ጠዋት ማታ አላየሁትም? ሰዓዲያስ? ዓይን አይገድልም ዲንቄ። እነሱን በሽታ ነው የወሰዳቸው። አንቺ እናታቸው ስለሆንሽ ነው እያየሻቸው የነበርሽው። ማንም ሳያያቸው ቢሄዱ ኖሮ ይሻልሽ ነበር?»

ዲንቄ ከቀጭኗ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ወርቅአየሁ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላትና እጇን ለቀቀች። ዲንቄ እንዳይወድቅ ያዘችው። ከዚያ ቀስ ብላ አቀረቀረች፤ አየችው። ዓይኖቹን፣ ግንባሩን፣ የጆሮውን ጫፍ አየች፤ ዕንባዋ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ልጁ ግን እሷን አያይም፤ ፊቱን ወደ ወርቅአየሁ አዙሮ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጮኻል።

ወርቅአየሁ እዚያ እስካለች ድረስ ወደ እናቱ እንደማይዞር ገባት። ነጠላዋን አጣፋችና ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ልጁ እየጮኸ ሸኛት። ዞር ብትል እንደምትመለስ ስላወቀች የመንገዱን ድንጋይ ድንጋይ እያየች ወረደች። ከመታጠፊያው በታች ጩኸቱ መሐል የዲንቄ ድምፅ ተሰማት፤ «ኡሩሩ፣ ኡሩሩ» ትላለች። ልጁ ያን ዜማ አያውቀውም። ዝም አለ፣ እንደገና አለቀሰ፣ እንደገና ዝም አለ።

ያን ዕለት የጉተማ እህት ከጉርድ ሾላ መጥታ፣ በቅል ወተት ይዛ፣ ዲንቄን ልጁን ታቅፋ አገኘቻት። ቆይታ፣ በልታ ጠጥታ፣ ወተቱን ትታ ብቻዋን ተመለሰች አሉ። ወርቅአየሁ ይህን የሰማችው ከሰዓዲያ ነው። ራቷን አልበላችም። የልጁን ጨርቆች አጥባ ደጅ ላይ አሰጣች፤ ሌላ የምትሠራው አልነበራትም።

ሰኞ ጠዋት ዲንቄ ልጁን አዝላ፣ አጥሚት በጣሳ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበረም።

«አጥሚቱን አልበላም አለኝ። እርስዎ እንዴት ነው የሚያበሉት?»

ልጁ ወርቅአየሁን ሲያይ ተንጠራራ። ወርቅአየሁ ሁለት እጇን ከነጠላዋ ሥር አስገብታ ያዘቻቸው።

«ቀጠን አድርጊው» አለች። «በማንኪያ አይወድም፣ በጣትሽ ጫፍ አቅምሺው። መጀመሪያ ይተፋል፤ አትደንግጪ። እያየሽው አብዪው፤ ዓይንሽን ካነሣሽበት ይኮርፋል።»

ዲንቄ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ በጣቷ አቀመሰችው። ተፋው። እንደገና አቀመሰችው። ሦስተኛውን ላሰው፤ የእናቱን ፊት ትኩር ብሎ አየና አፉን ከፈተ። ወርቅአየሁ ከበሩ ውስጥ ሆና እስኪጨርስ ጠበቀች፤ ባዶውን ጣሳ ተቀብላ ልታጥብ ወደ ውሃ እንስራው ሄደች።